አባቴ መክሰሩን ለዳኛ የነገረበት ዓመት

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ሚስት ለምለም መጥታ ማሽን እንድደብቅላት ለመነችኝ።

ባሏ ኃፍቶም እዚሁ መቀሌ፣ ሓድነት ሰፈር፣ ከኛ ግቢ ጥቂት ወረድ ብሎ፣ አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠራበት የእንጨት ሥራ ቤት አለው። ለምለም የእንጨት መላጊያውን ማሽን አምጥተን ከማገዶዬ ጀርባ ሸራ አልብሰን እንድናስቀምጠው ነው የፈለገችው። "ለጥቂት ጊዜ ነው፣ ቲቸር። ባለገንዘቦቹ መጥተው እንዳያነሡት" አለችኝ። ኃፍቶም ከጦርነቱ በፊት ከባንክ ተበድሮ ነበር። ባንኮቹ ሲዘጉ፣ ሥራ ሲቆም፣ ቤቱ ውስጥ አንድ ጣውላ እንኳን ሲጠፋ ዕዳው ግን አልቆመም። በኋላ እሱን ለመክፈል ከሰው ተበደረ፤ የሰውየውን ለመክፈል ደግሞ ከሌላ ሰው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለምለም መንገር አላስፈለጋትም፤ እኔ ጨርሼ አውቀዋለሁ።

"አይሆንም፣ ለምለም" አልኳት።

ፊቷ ጠቆረ። ያቀረብኩላትን ሻይ ሳትጨርስ ተነሥታ ሄደች። ምክንያቴን ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ ግን ረጅም ነው፤ ደክሞኝም ነበር። ዛሬ ዛሬ በዚህ ከተማ ሁሉም ሰው ደክሞታል። ድሮ የቤቱን ሰው፣ ከብቱን፣ ዘመድ አዝማዱን እያነሣ አንድ ጎዳና የሚያስኬደው ሰላምታችን እንኳን አጥሮ አንገት መነቅነቅ ብቻ ሆኗል። እሷ ከወጣች በኋላ ብርጭቆዋን አንሥቼ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ነው አባቴ የመጣብኝ።

አባቴ ሰዒድ የወሎ ሰው ነበር። እናቴን ከድጃን አግብቶ መቀሌ የገባው እኔ ሳልወለድ ነው። ከኮምቦልቻና ከደሴ ዙሪያ ምስር፣ ሽንብራና ባቄላ እያስመጣ በገበያው ዳር በተከራያት መጋዘን ይሸጥ ነበር። ቤታችን ሁልጊዜ ምስር ምስር ይሸታል፤ ልብሳችን፣ ጸጉራችን፣ የእናቴ ሻሽ ሳይቀር። አባቴ እፍኝ ምስር አንሥቶ ወደ ብርሃን ዘንበል ያደርግና በጣቱ እያገላበጠ የየትኛው አገር እንደሆነ ይነግረኛል። ትግርኛው እስከ መጨረሻው የወሎ ዜማ አልለቀቀውም። ገበያተኞቹ ይስቁበታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። በዱቤ እህል የሚልኩለት የወሎ ነጋዴዎች ወረቀት አያስፈርሙትም። "ሰዒድ እሰጣለሁ ካለ ሰጥቷል" ይሉ ነበር። በኋላ ከሁሉ ይበልጥ የጎዳው ይኸው ነው። ሀብቱ ቃሉ የሆነ ሰው፣ ቃሉ የጎደለ ዕለት ገበያ መሐል ራቁቱን የቆመ ይመስለዋል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት አባቴ አሮጌ የጭነት መኪና ገዛ። "በየጉዞው ለሰው መኪና ኪራይ ከምገፈግፍ" አለ። ግማሹን ከእጁ፣ ግማሹን ተበድሮ ነበር። እናቴ አልወደደችውም፤ ግን ቀይ ቀለም ተቀብቶ ደጃችን ሲቆም ወጥታ ጎማውን በእጇ መታ መታ አደረገችው፤ አዲስ የተገዛ በሬ እንደሚደረገው። መኪናው ጥቂት ጊዜ ሠራ። የበልግ ዝናብ የወረደ ሰሞን ግን፣ ሙሉ ጭነት ይዞ ሲመጣ፣ ግራ ካሕሱ ተራራ ላይ መንገድ ከዳውና ተገለበጠ። ሾፌሩ ክንዱ ተሰብሮ በሕይወት ተረፈ። ምስሩ ገደሉን ሙሉ ፈሰሰ። ያገሩ ሰዎች ሲለቅሙ ሰነበቱ የሚል ወሬ ደረሰን። አባቴ "ሐላል ይሁንላቸው" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዕዳ ከሜዳ ማለት ያ ነው። የወሎ ነጋዴዎች የእህላቸውን ዋጋ ይፈልጋሉ፤ የመኪናው ሻጭ ቀሪውን ይፈልጋል፤ ዕቁቡን ቀድሞ በልቶት ስለነበር ዕቁብተኞቹም ይጠብቃሉ። በርበሬ ነጋዴዋ ጎረቤታችን ለተብርሃን፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጇን ልትድርበት ያስቀመጠችውን ገንዘብ አውጥታ ሰጠችው። "ኣጆኻ ሰዒድ ሓወይ፤ አይዞህ ወንድሜ፤ ሰው ነው የሚተርፈው" አለችው። እሱን ለወሎዎቹ ላከው። አልበቃም። በመጨረሻ ባራኺ ወደሚባል ሰው ሄደ። ባራኺ ሱቅ የለውም፣ ዕቃ አይሸጥም፤ አንድ ካፌ ውስጥ ወንበር ብቻ ነው ያለው። የሚያበድረው በዐራጣ ነው። በሃይማኖታችን ዐራጣ ምን ማለት እንደሆነ አባቴ ያውቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መስጊድ መሄድ ተወ። እኛ ባለገንዘቦቹን ፈርቶ ነው እንል ነበር። እናቴ ግን "አላህንም አፍሮ ነው" አለችኝ።

መበደር የማንም ነጋዴ ሥራ ነው። ለመክፈል መበደር ግን እንደ ጨው ውኃ ነው፤ በጠጡት ቁጥር ያስጠማል። አባቴ መጋዘኑን አርፍዶ ይከፍታል፣ ቀድሞ ይዘጋል፤ በኋላ ጭራሽ ከቤት መውጣት ተወ። ጢሙ አደገ። ውሻ ሲጮህ ከተኛበት ይነሣል። የውጭው በር ሲንኳኳ ጓዳ ይገባና ከእህል ማድጋው ኋላ ይቀመጣል፤ እኔ ነኝ የምወጣው። የእናቴ ትግርኛ ስለማያስተማምን ሥራው የኔ ሆነ። "ኣቦይ የለን" እላለሁ። አባቴ የለም። ለወሎዎቹ በአማርኛ፣ ለመቀሌዎቹ በትግርኛ። አንዳንዱ ሰው አምኖኝ ይሄዳል። አንዳንዱ ትከሻዬን አልፎ ጓዳውን እያየ ይቆማል። ባራኺ ራሱ አይመጣም፤ የሚልካቸው ሁለት ሰዎች ግን ወደ ውስጥ ገብተው ይቀመጣሉ፤ ሳንጋብዛቸው ውኃ ይጠይቃሉ፣ ይጠጣሉ፣ ዕቃችንን ዐይናቸው እየቆጠረ ይቆያሉ። አባቴ በመጋረጃው ማዶ ትንፋሹን ይዞ ይሰማል። እኔም እሱ እንደሚሰማ አውቃለሁ። ፈተና የማጠናበት ሰሞን ነበር፤ የተማርኩትን ሁሉ ረስቼ ያን ትንፋሽ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ሐምሌ እንደገባ አንድ ማለዳ እናቴ ቀሰቀሰችኝ። የአባቴ ጋቢና መስገጃው ከቦታቸው የሉም። ሳትጮህ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ "ሄዷል" አለች። ወጥቼ ስጠይቅ አንድ ጋሪ ነጂ ወደ ቁሓ በእግሩ ሲያቀና አይቶታል። ቁሓ ያን ጊዜ ገና ራሷን የቻለች ከተማ ነበረች፤ ወደ ሰሜን የሚሄደው አውቶቡስ በዚያ ያልፋል። ከመቀሌ መናኸሪያ ቢሳፈር ሰው ያየዋል፤ ከቁሓ ግን ማንም አያውቀውም። በመጀመሪያው ታክሲ ተሳፍሬ ተከተልኩት።

ዝናቡ ሌሊቱን ወርዶ ስለነበር መንገዱ ቀይ ጭቃ ነው። ሴቶች የወቅቱን በለስ በቅርጫት ይዘው በመንገዱ ዳርና ዳር ተቀምጠዋል። አባቴን አንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ አገኘሁት። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል፤ ፊት ለፊቱ ሻይና ያልተነካ ሕምባሻ አለ። ሲያየኝ አልደነገጠም። የጠበቀኝ ያህል ነው የወንበሩን ጭቃ በእጁ ጠርጎ ያስቀመጠኝ።

"የት ልትሄድ ነው፣ አባ?"

"ሑመራ። የሰሊጥ አረም ደርሷል። አርሜ እልክላችኋለሁ።"

"ከዚያስ?"

ከሑመራ ወዲያ ሱዳን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ሱዳን ሄዶ የቀረ ሰው በየሰፈሩ አለ። የአባቴን እጅ አየሁት። ምስር ለመልቀም እንጂ አረም ለመንቀል የሚሆን እጅ አልነበረም።

ያን ጊዜ ያልኩት ነገር ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። አላቀድኩትም። "ሂድ እንግዲህ" አልኩት። "እስከ ዛሬ 'አባቴ የለም' እያልኩ ስዋሽ ከረምኩ። ከነገ ጀምሮ እውነቴን ይሆናል።"

አባቴ ጋቢውን ከፊቱ ላይ አወረደ። አውቶቡሱ መጣ። ረዳቱ በበሩ ተንጠልጥሎ "ዓዲግራት! ዓዲግራት!" ይላል። አባቴ መስገጃውን የያዘበትን ፌስታል አንሥቶ ተነሣ፤ ሁለት ርምጃ ሄደ፤ ቆመ። ረዳቱ "ኣቦይ፣ አትወጣም?" አለው። አባቴ በእጁ ሂዱ አላቸው። አውቶቡሱ ጭቃ እየረጨ ካለፈ በኋላም ፊቱን ወደኔ ሳያዞር ብዙ ቆየ። ተመልሶ ሲቀመጥ "በለስ ብዪ፤ ሳትበዪ ነው የመጣሽው" አለኝ። አንዷ በለስ ሻጭ እየላጠች ሰጠችን። ቀዝቃዛና ጣፋጭ ነበር፤ ፍሬው በጥርሳችን መሐል ይንቋቋል። አባቴ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲበላ ያየሁት ያኔ ነው።

ቤት ስንደርስ እናቴ ከመንገድ ገና መግባቷ ነው፤ ጫማዋን አላወለቀችም። እኔ ቁሓ ሳለሁ እሷ ሓወልቲ ሰፈር ሄዳ፣ አይተ ተስፋይ የሚባሉ ጠበቃ ዘንድ ደርሳ መጥታለች። ከዚህ ቀደም ለአንድ ወዳጃችን የመጋዘን ክርክር ጽፈው ነበር። አባቴን ሰላም አላለችውም፤ የት ነበርክም አላለችው። "ሰዒድ፣ ነገ ጧት ጠበቃ ጋ እንሄዳለን" ብቻ አለችው። ለኔም፣ "አንቺም ትመጫለሽ፤ የሚሉትን ትተረጉሚልኛለሽ" አለችኝ።

የአይተ ተስፋይ ቢሮ የሰማዕታቱን ሐውልት በሩቁ የሚያሳይ መስኮት ያለው ጠባብ ክፍል ነበር። ሽማግሌው አባቴን እስከ መጨረሻው አዳመጡት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉንም ሲናገር ሰማሁት፤ የማናውቃቸው ዕዳዎችም ነበሩበት። እናቴ አንድ ጊዜ ብቻ ዐይኗን ጨፈነች። ሲጨርስ አይተ ተስፋይ በአማርኛ እንዲህ አሉት።

"ሰዒድ፣ አንተ እኮ ከስረሃል።"

አባቴ እንደተመታ ሰው ተነሣ። "እኔ ሌባ አይደለሁም!"

"ሌባ ማን አለህ? ሌባማ ይሸሻል። አንተ የምትሄደው ዳኛ ፊት ነው። ነጋዴ ሲከስር ሕጉ በር አለው። ቀርበህ ያለህን ሁሉ፣ ያለብህን ሁሉ ትናገራለህ። ፍርድ ቤቱ መጋዘንህን ያሽጋል፣ ንብረትህን የሚጠብቅ ሰው ይሾማል። ከዚያ ወዲያ አንዱ ቀድሞ ቤትህ ገብቶ የሚያነሣው ነገር የለም፤ ለብቻው የሚከስህም የለም። ወለዱም ይቆማል። ሁሉም ባንድ ላይ ይመጣሉ፤ የተገኘውን በየድርሻቸው ይካፈላሉ። ለቀረው ደግሞ ከተስማሙ ጊዜ ይሰጡሃል፣ ከፊሉንም ይተዉልሃል። የምትተኛበትንና የቤተሰብህን ጉርሻ አይወስዱም።"

"ስሜስ?"

አይተ ተስፋይ አልዋሹትም። "ስምህ በማስታወቂያ ይወጣል። ጉዳዩ እስኪያልቅ በራስህ ስም መነገድ አትችልም። ሰውም ያወራል።"

አባቴ አንገቱን ደፋ። እኔ ለእናቴ በሹክሹክታ እየነገርኳት ነበር፤ በአማርኛ ያሉትን በአማርኛ እየደገምኩ። ከድንጋጤዬ የተነሣ ነው እንጂ እሷም ሰምታለች። "ስምህማ እስካሁንስ በሰው አፍ አይደል ያለው?" አለችው። "አንዴ በወረቀት ይውጣና እንረፍ።"

ያን ሳምንት አንድ የገበያ ወዳጁ መጥቶ አባቴን ግቢው ጥግ ይዞት ቆመ። መጋዘኑ ውስጥ የቀሩትን የምስር ጆንያዎች ከመታሸጉ በፊት ወደ ቤት እንዲያስገባ ነው የመከረው። "ቤተሰብህ ምን ሊበላ ነው? ማን ያያል?" ይለዋል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አዝኖለት ነው። አባቴ ሲያመነታ አየሁ። ርሃብን የሚያውቅ ሰው በጆንያ ይፈተናል። እናቴ ግን ከማጀት ብቅ አለችና "ወንድሜ፣ ቡና እንኳን ሳላቀርብልህ ይቅርታ አድርግልኝ" አለችው። "ግን ያ ምስር የኛ አይደለም። እዚህ ቤት ከገባ፣ አሁንም የምንደበቅበት ነገር ይኖረናል።" ሰውየው ቅር ብሎት ሄደ። አባቴ ወደ እሷ ዘወር ብሎ አያት። ገብቶ ጢሙን ተላጨ።

ፍርድ ቤት የቀረብነው ለክረምቱ ዕረፍት ሊዘጋ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። አዳራሹ ውስጥ የርጥብ ካፖርትና የአሮጌ ወረቀት ሽታ ነበር። ዳኛው አባቴን በትግርኛ ጠየቁት፤ ጠበቃው ሊመልሱ ሲሉ "እሱ ራሱ ይናገር" አሉ። አባቴ ተነሥቶ ቆመ። የወሎ ዜማ ባለው ትግርኛው "ከሲረ እየ" አለ። ከስሬአለሁ። ከኋላ የሆነ ሰው ሲስቅ ሰማሁ፤ በቃሉ ይሁን በዜማው አላወቅሁም። አባቴ ግን ደገመው፤ አሁን ድምፁን ከፍ አድርጎ። ዳኛው አቀርቅረው ጻፉ።

በዚያው ሰሞን መጋዘኑ በቀይ ሰም ታሸገ። ቁልፉን ለንብረት ጠባቂው ሲያስረክብ ገበያተኛው ሁሉ ከበረንዳው ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ብዙዎቹ አባቴ በጦም በፋሲካቸው በዱቤ የሰጣቸው ናቸው። ማንም ወርዶ እጁን አልጨበጠውም። ያ ከስድብ ይከብዳል። ቤት እስክንደርስ እጄን ይዞ ነበር፤ ከልጅነቴ ወዲህ ይዞት አያውቅም። ምሳ ቀረበ፤ ሁለት ጉርሻ በላ፤ ጋደም አለ። ወዲያው አንኮራፋ። እናቴ ዶሮዎቹን በእጇ እየገፋች ከመስኮቱ ሥር አራቀቻቸው።

ፀሐይ ገና ከፍ ብላ ሳለች በሩ ተንኳኳ። ከባራኺ ሰዎች አንዱ ነው። ልማዴ ሆኖ አፌን ስከፍት "የለ..." ብዬ ነበር የጀመርኩት። ቆም አልኩ።

"ኣሎ" አልኩት። አለ። "ግን ተኝቷል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነው፤ የንብረት ጠባቂውን እዚያ ጠይቁ።"

ሰውየው ግራ ገብቶት አየኝ። ወደ ውስጥ ለመግባት ግማሽ ርምጃ አነሣ፤ መለሰው። ከዚያ በኋላ ሌሎች መጡ፤ ሰደቡንም። ግን ቤታችን ገብቶ ውኃ የጠየቀ የለም።

እንዲህ ስል ነገሩ ቀላል የነበረ እንዳይመስል። ክረምቱ ረጅም ነበር። ፍርድ ቤቱ ዝግ ነው፤ ሥራ የለም። ቅንጬና ንፍሮ እየበላን መስከረምን አለፍን። ፈተናውን አልፌ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመድቤ ነበር፤ የመንገድና የኪስ ስላልነበረ ቀርቼ ከዓመት በኋላ ነው እዚሁ መምህራን ማሠልጠኛ የገባሁት። ሁለት ዕቁብተኞች አባቴን መንገድ ላይ አስቁመው የማይነገር ነገር ነገሩት። ድህነቱ ምንም አልቀነሰም። የቀነሰው ፍርሃቱ ነው። ያ ምን ያህል እንደሆነ፣ ከመጋረጃ ኋላ ያልተቀመጠ ሰው አያውቀውም።

ጥቅምት ላይ ፍርድ ቤቱ ሁሉንም ጠራ። የወሎ ነጋዴዎች ሽማግሌ ልከው ነበር፤ ዕቁብተኞቹ መጡ፤ የመኪናው ሻጭ መጣ፤ ለተብርሃን ጥቁር ነጠላዋን ለብሳ ከሴቶች ሁሉ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ባራኺም መጣ። ከካፌው ወንበር ውጪ ሳየው አጭር ሰው ነበር። በያዘው ወረቀት ላይ የሰፈረው ሁሉ እንዲከፈለው ጠየቀ። ንብረት ጠባቂው ረጋ ብሎ "ከእጅህ የወጣው ስንት ነው?" አለው። ባራኺ ወረቀቱን አገላበጠ። ዳኛው "ጥያቄውን ሰምተሃል" አሉት። ዐራጣ በሕግ እንደሚያስቀጣ ማንም አልነገረውም፤ ግን ከሁላችንም ይበልጥ የሚያውቀው እሱ ነው። ወረቀቱን አጥፎ "ዋናው ይበቃኛል" አለ። ያን ያህል ወር ቤታችንን ያስጨነቀው ነገር፣ ብርሃን ባለበት ክፍል ውስጥ ሲጠየቅ፣ ግማሹ ተነነ።

የታሸገው ምስርና የመኪናው ቁርጥራጭ ተሽጦ በየድርሻቸው እንዲካፈሉ፣ ከቀረው ገሚሱ እንዲተውለት፣ ገሚሱን ያለወለድ በዓመታት እንዲከፍል ሐሳብ ቀረበ። የወሎው ሽማግሌ "ለተቸገረ ሰው ጊዜ መስጠት የታዘዝነው ነው" ብለው እጃቸውን አነሡ። ሌሎችም ተከተሉ። የለተብርሃን ተራ ሲደርስ እናቴን ትኩር ብላ አየቻት።

"እንታይ ክብል?" አለች። "ምን ልበል? ልጄን የምድርበት ገንዘብ ነበር። ቢታሰርስ ምን ይጠቅመኛል? ከድንጋይ ውኃ አይጨመቅ። እሺ።"

ተነሥታ ወጣች። እናቴ በረንዳው ላይ ደርሳባት "ለቱ..." ስትላት እጇን አስለቅቃ ሄደች። ለተብርሃን ያን ዓመት ልጇን አልዳረችም። እናቴ ይህን በሰማች ቀን እህል አልቀመሰችም። ከስሮ መዳን የሚባለው ነገር ነጻ አይደለም፤ ሌላ ሰው ከኪሱ ከፍሎልን ነው የዳንነው። አባቴ ይህን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ አባቴ እኩያው በነበረ ነጋዴ መጋዘን ተቀጠረ። እህል ያበጥራል፣ ይመዝናል፣ ጆንያ ይሰፋል። ድሮ "ሰዒድ" የሚሉት "አንተ ወሎዬ" ማለት ጀመሩ። ማታ ሲመጣ ጸጉሩ በገለባ ነጭ ሆኖ፣ ወገቡን ይዞ ነው። አንዳንድ ቀን አፉን ሳይፈታ ይተኛል። ግን መስጊዱን ጀመረ። የስምምነቱን ገንዘብ በየጊዜው ለንብረት ጠባቂው ያስረክባል። ዓመታት አለፉ፤ እኔ አስተማሪ ሆንኩ፣ አገባሁ። በመጨረሻ ፍርድ ቤቱ ግዴታውን ጨርሷል ብሎ ለቀቀው። አንዲት ትንሽ የምስር ሱቅ እዚህ ሓድነት ከፈተ። መኪና አልገዛም።

ከተተወለት ገሚስ ግን የአንዷን ድርሻ ሊከፍል ወሰነ፤ የለተብርሃንን። በየወሩ ጥቂት ጥቂት ይዞ ደጇ ይቆማል። እሷም ትቀበለዋለች፤ ግባ አትለውም፣ አትቆጥረውም። ተሟልቶ ባለቀ ዕለት ብሩን ሰጥቷት ሊዞር ሲል ጠራችው። "ከድጃ ደሓን ዶ ኣላ?" አለችው። ከድጃ ደኅና ናት? አባቴ ይህን ለእናቴ ሲነግራት እናቴ የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ ወጣች። ወደ ለተብርሃን ቤት ነው የሄደችው። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። እንደ ድሮው ግን አልሆኑም፤ አንዳንድ ነገር ይጠገናል እንጂ አዲስ አይሆንም።

አባቴ ጦርነቱን ሳያይ ሞተ። ሬሳው ላይ ከመሰገዱ በፊት አንድ ሽማግሌ እንደ ልማዱ "ከሰዒድ ዕዳ የሚፈልግ ሰው አለ?" ብለው ተጣሩ። ሰው ሁሉ ዝም አለ። እናቴ ከሴቶቹ መሐል ሆና ያን ዝምታ አዳመጠች። ሌላ ውርስ አልነበረንም።

ለምለም ተቀይማ በሄደች በማግሥቱ እነሱ ቤት ሄድኩ። ኃፍቶምን የኋለኛው ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱን ዘግቶ ተቀምጦ አገኘሁት። ይህን የነገርኳችሁን ሁሉ፣ እዚህ ካሰፈርኩት በአጭሩ፣ ነገርኩት። ለምለም በር ላይ ቆማ ትሰማለች። ማሽኑን ያልተቀበልኩት ጠልቻቸው እንዳልሆነ ያኔ የገባት ይመስለኛል። ኃፍቶም አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

"ሰው ምን አላችሁ፣ ቲቸር?"

"ብዙ አለን።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ደከመው። ሰው ማውራትም እኮ ይደክመዋል።"

ፈገግ ያለ መሰለኝ። ሕጉ ከኛ ጊዜ ወዲህ ተሻሽሏል፣ ጭራሽ ሳይወድቁ ቀርቦ ጊዜ መጠየቅም ይቻላል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ዝርዝሩን ስለማላውቅ ጠበቃ ይጠይቅ አልኩት። ንግድ ፈቃድ ላለው ሰው ነው ይህ ሁሉ። ለደመወዝተኛው፣ ለገበሬው፣ ለቀን ሠራተኛው እንዲህ ያለ በር መኖሩን አላውቅም። ይህን ሳስብ ይታክተኛል። በየቤቱ፣ በየመጋረጃው ኋላ፣ ትንፋሹን የያዘ ስንት ሰው ይኖራል? ዕዳ ይቅርታ የሚደረግለት ባለዕዳው ደግ ስለሆነ አይመስለኝም፤ የተጨነቀ ሰው ለማንም ስለማይከፍል ነው። አባቴ ለለተብርሃን የከፈለው ሲሳደድ አይደለም፤ መሳደዱ ሲቆም ነው።

ዛሬ ጧት ከእንጨት ሥራ ቤቱ በኩል ጭቅጭቅ ሰማሁና በበረንዳዬ ብቅ አልኩ። የሥራ ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሁለት ሰዎች ኃፍቶምን ይዘው ይጮኹበታል። "ሰኞ ጠበቃ ጋ ነኝ። ከዚያ ሁላችሁም ባንድ ላይ ትጠራላችሁ፤ ለብቻው የሚወስድ የለም" ይላቸዋል። አንደኛው ደረቱን ገፋ አደረገው። ኃፍቶም ወደ ኋላ አላለም። ምን እንደሚገጥመው አላውቅም፤ ማሽኑም፣ ጣውላውም፣ ምናልባት ቤቱም ይሄድ ይሆናል። ብዙ ያጣል። ግን ደጁ ላይ ቆሞ ነው የሚያጣው።